ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ሲቪ ላይ ይገባል?

የዛሬው ጠያቂያችን የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሽምብጥ አድጎ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሯል። አሁን ጀርመን አገር በሎጂስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶታል። ከሰባት ዓመት በፊት የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ አንገቱ ላይ ተጎድቷል። የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው፤ ጣቶቹም እንደ ልብ አይታዘዙለትም። እዚያ ከሄደ በኋላ የዊልቸር ራግቢ ክለብ ገብቷል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ መንገድ ላይ ነኝ። ዘጠኝ ሆነን በሁለት ቫን ለጨዋታ እንሄዳለን። ከከተማ ከተማ እንዞራለን፣ እናድራለን፣ እንስቃለን። ከአደጋው ወዲህ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አጎቴ ግን ‹ዕድሜህን መንገድ ላይ ጨረስከው› ይለኛል። እናቴም ወንበር ለወንበር መጋጨቱን ቪዲዮ ላይ አይታ እንቅልፍ አጥታለች። የክፍል ጓደኞቼ በትርፍ ሰዓታቸው እየሠሩ ሲቪያቸውን ሞልተዋል፤ የኔ ባዶ ነው። ክለቡ ውስጥም ተራ ተጫዋች ነኝ። በአቅሜ የተሰጠኝ ነጥብ 1.5 ነው፣ ጎል አላገባም። አሁን ልጆቹ ኮሎኝ ላይ ተጫውተን በዚያው ሆላንድንና ቤልጂየምን ለሁለት ሳምንት እንዙር ብለዋል። በዚሁ ሰሞን አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ለኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ጉዞውን ልተወው? ሲቪዬ ላይስ ምን ልጻፍ? ስጨርስ ልመለስ ወይስ ልቆይ?»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያየሁት ጭንቀትህን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ግን አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። እንደ ቀላል ነገር እንዲህ ብለህ አልፈሃል፦ «የምንቆምበትን ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ሆቴሎቹም ጋ የምደውለው እኔ ነኝ። ልጆቹ ‹ያንን ኤክሴልህን አምጣ› ይሉኛል።»

ሲቪህ ባዶ አይደለም። ኤክሴሉ ላይ ተቀምጧል፤ አንተ ሥራ ብለህ ስላልጠራኸው ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። ዘጠኝ ሰዎች ናችሁ፤ ስድስታችሁ በዊልቸር የምትንቀሳቀሱ። እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ወንበር አላችሁ፦ የዘወትሩና የጨዋታው። ይህ 12 ወንበር ነው። የራግቢው ወንበር እንደሌላው አይታጠፍም። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው፣ ፊቱ ላይ ብረት መከላከያ አለው፤ ጎማው ተፈትቶ፣ ለብቻው ታስሮ ነው የሚጫነው። መለዋወጫ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ጓንት፣ ፕላስተር ሲጨመር ቫኑ ይሞላል። የቱ መጀመሪያ ይገባል? የቱስ መጀመሪያ ይወርዳል? ይህን የሚወስን ሰው የጭነት ዕቅድ እየሠራ ነው። አንተ በክፍል ውስጥ የምትማረውም ይህንኑ አይደል?

ከዕቃው ደግሞ ሰው ይከብዳል። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቅ ከተቀመጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ ወራት ሊያስተኛው ይችላል። ሽንት ቤትም በሰዓቱ ያስፈልገዋል። ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ በደንብ ስለማያልበው፣ በበጋ ሙቀት ቫን ውስጥ ትኩሳቱ ሳይታሰብ ይጨምራል። ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ከምሳ እኩል መታሰብ አለበት። አንተ ደግሞ መንገዱን የምትከፋፍለው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ዩሮ ቁልፍ የሚከፍታቸው ሽንት ቤቶች ባሉበት ነው። (አንባቢዎች፣ ይህ ቁልፍ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ነው። በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በየአውራ ጎዳናው ማረፊያ ያሉትን ሽንት ቤቶች ይከፍታል። ዳርምሽታት ከተማ ያለ አንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በ1986 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ሳነበው ልቤን ነካው፤ አንድ ቁልፍ ለአንድ ሰው ስንት አገር እንደከፈተለት አስቡት።)

ሆቴሉንም እንዲሁ። «ለዊልቸር ይመቻል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «አዎ» ይባላል፣ ሲደርስ ደረጃ ይጠብቀዋል። አንተ የምትጠይቀው የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሰፋ ነው። አልጋው ከወለል ስንት ከፍ እንደሚል ነው። ይህን ያስተማረህ ሰው የለም፤ መንገዱ ነው ያስተማረህ።

«ጎል አላገባም» ያልከውን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። ስለ ጨዋታው ካንተ በላይ አላውቅም፤ ግን አንባቢ ይወቀው። በዊልቸር ራግቢ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አቅሙ ከ0.5 እስከ 3.5 ነጥብ ይሰጠዋል። ሜዳ ላይ ያሉት አራቱ ሲደመሩ ከ8 መብለጥ የለባቸውም፤ ሴት ተጫዋች ስትኖር ብቻ ትንሽ ይጨመራል። ስለዚህ ባለ ትንሽ ነጥቡ ከሌለ ባለ 3.5ቱም አይሰለፍም። ኳስ ይዞ መስመሩን የሚያልፈው ፈጣኑ ነው፤ የተጋጣሚውን ወንበር ቆልፎ መንገድ የሚከፍትለት ግን እንዳንተ ያለው ነው። ውጤት ሰሌዳ ላይ ስሙ አይጻፍም። ቃለ መጠይቅ ላይ «በቡድን ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ሲሉህ ይህን ንገራቸው። «ቡድን እወዳለሁ» የሚል መቶ አመልካች አለ። ሥራው ሌላው እንዲያልፍ መንገድ መክፈት እንደሆነ በምሳሌ የሚያስረዳ ግን ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሲቪህ ታች ጥግ ላይ «የትርፍ ጊዜ፦ ራግቢ፣ ጉዞ» ያልከውን አጥፋው። ወደ ላይ አውጣውና ልምድ ከሚለው ሥር አስቀምጠው፦ «የስፖርት ክለብ የጉዞ አስተባባሪ፣ በበጎ ፈቃድ።» ከሥሩ ሁለት መስመር ይበቃል። አንዱ መጠኑን ይናገር፦ በሁለት የውድድር ዘመን ስንት ጉዞ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ወንበር። ሌላው ምን እንዳሻሻልክ ይናገር። «ታታሪ»፣ «ተግባቢ» የሚሉትን ቃላት ተዋቸው፤ ቁጥሩ ይናገርልሃል። አንድም ቁጥር ግን አታጋንን። ጉዞው 11 ከሆነ 11 በል።

ቀጥሎ የክለቡን ኃላፊ ወረቀት ጠይቀው። ጀርመኖች በበጎ ፈቃድ የሚሠራን ሥራ ኤረንአምት ብለው ይጠሩታል፣ በጣምም ያከብሩታል። ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ። ምን እንደሠራህ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በግማሽ ገጽ ይጻፍልህ። አፍረህ እንዳትቀር። ለሠራኸው ሥራ ነው የምትጠይቀው።

በቃለ መጠይቁ ላይ የጻፍክልኝን የዚያችን ማታ ታሪክ ንገራቸው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ሊፍቱ ተበላሽቷል። አምስት ሰው ሎቢ ውስጥ ቀርቷል። አንተ ግን ለእያንዳንዱ ከተማ ሁለተኛ ሆቴል መዝግበህ ስለነበር አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም አልጋው ላይ ነበር። ይህን ስትተርክ በመሃል አትሳቅበት፣ «ዕድል ነው» ብለህም አታሳንሰው። ልጆቻችን ራሳችንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ ፈረንጅ ፊት ግን ዝቅ ያልክበት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጥህ።

ጉዞውስ? ከቃለ መጠይቁ አትቅር፣ ጉዞውንም አትሰርዝ። ቃለ መጠይቅ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ በቪዲዮ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅ። ኢንተርንሺፑ የሚጀመርበት ቀን ከጉዞው ጋር ከተጋጨ ኮሎኝን ተጫውተህ ተመለስ፣ ሆላንድና ቤልጂየምን ለሌላ ጊዜ አቆያቸው። በርንድ ቤስት የሚሉት የኮሎኙ ውድድር በዓለም ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ እሱን ተወው ብዬ አልመክርህም። ከደስታው ሌላ፣ ከብዙ አገር የመጡ ክለቦች እንዴት እንደሚጓዙ በአንድ ቦታ የምታይበት ነው። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድህና ፓስፖርትህ ሆላንድና ቤልጂየም ለአጭር ጊዜ ያስገቡሃል። አንድ ቀን እንግሊዝ እንሂድ ካሉህ ግን ሌላ ቪዛ ነው፤ ቀድመህ አመልክት።

አካል ጉዳተኛ መሆንህን ማመልከቻህ ላይ ልጻፍ አልጻፍ ብለህ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። የመናገር ግዴታ የለብህም። እኔ ግን ጻፈው እላለሁ። በጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ከቦታዎቹ 5 በመቶውን ለከባድ አካል ጉዳተኞች መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ይከፍላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ብቃቱ በግልጽ የጎደለ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን አመልካች ለቃለ መጠይቅ የመጥራት ግዴታ አለበት። የአካል ጉዳተኛነት መታወቂያውን ገና ካላወጣህ ነገ ጀምረው፤ ጊዜ ይወስዳል። እዚህ አገርም አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያዛል። መብትን መጠየቅ ልመና አይደለም።

ለእናትህ ይህን ንገራት። ጨዋታው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ዊኒፔግ ላይ የተጀመረው እጅም እግርም የተጎዱ ሰዎች ለራሳቸው ብለው ነው፤ ከሲድኒ 2000 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ሜዳሊያ የሚያሰጥ ነው። የሚጋጨው ብረቱ ነው፣ ሰውን በአካል መምታት ጥፋት ነው። አደጋ የለውም ብለህ ግን አትዋሻት። ሌሎች በዊልቸር ያላችሁ አንባቢዎቼም፣ እጃችሁ ደህና ሆኖ እግራችሁ ብቻ ከሆነ የተጎዳው የእናንተ ጨዋታ ቅርጫት ኳስ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ነው የከበደኝ። እዚህ የሚጠብቅህ ባለ ደመወዝ ቦታ አለ ብዬ አላታልልህም። ጀርመን ግን ስትመረቅ ሥራ እንድትፈልግ 18 ወር ትሰጥሃለች። ተጠቀምበት፣ ጥቂት ዓመት ሥራ፣ ልምድ ያዝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ጊዜ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ እንግዳ መጥቶብኝ ዘጌን ላሳየው ጣና ዳር ወሰድኩት። ጀልባዋ ከመሳፈሪያው ዝቅ ብላ ቆማለች። መሸጋገሪያ የለም። አራት ጎረምሶች ተሸክመው አስገቡት፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ እንዲያውም ከልባቸው ነበር። እሱ ግን እስከ ዘጌ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ስንመለስ «ሰው ሆኜ መጥቼ ዕቃ ሆኜ ተሳፈርኩ» አለኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የወሰድኩት። አንተ ብትሆን ቀድመህ ትደውል ነበር።

ባሕር ዳር እኮ ሜዳ ናት። ሳይክል የምትነዳ ከተማ ናት፤ ካላማዳሪ የሚጠግን ሰው በየመንገዱ ዳር አለ። ለጎማ የተፈጠረች አገር ነች፤ የጎደላት መሳፈሪያዋና ደጃፏ ነው። ለእረፍት ስትመጣ ሜትር ይዘህ ና። የጀልባ መሳፈሪያዎቹን ከፍታ፣ የሆቴሎቹን በር ስፋት፣ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወስደውን የእግር መንገድ፣ ሁሉንም ለካ። መሳፈሪያውን ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልግሃል። መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ጀልባዋ ከፍ ትላለች፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ጎድሎ ዝቅ ትላለች። ለመስከረም የተሠራ መሸጋገሪያ ለሰኔ ገደል ነው። በመስከረም ካልመጣህ እኔ እለካልሃለሁ። ያ ኤክሴልህ ላይ «ባሕር ዳር» የሚል ገጽ ክፈትለት። ጓደኞችህም አንድ ቀን ጣናን ማየት ይፈልጋሉ፤ ደብዳቤህ ላይ ሁለቱ ጠይቀውኛል ብለሃል አይደል?

ሲቪውን አስተካክለህ እስከ ሐሙስ ላክልኝ፤ ከቃለ መጠይቁ በፊት አየዋለሁ። እናትህ ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ ስልኳን ስጠኝ፤ ሽምብጥ ሩቅ አይደለም፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ አነጋግራታለሁ።