ስለ ሙዚየም ጠይቁኝ፦ ከአንድ የቅርስ መዝጋቢ የተሰጡ መልሶች

ብዙ ዓመት የሠራሁት በሙዚየም ዕቃ ቤት፣ ቅርስ በመመዝገብና በመጠበቅ ነው። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት በሚቸግርበት አገር ለአሮጌ ዕቃ ብር ማውጣት ቅንጦት አይሆንም?

ይህን ከገዛ እናቴም ሰምቻለሁ። አንድ ቀን መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይግቡ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ግድግዳውን የሞላው የወጣቶች ፎቶግራፍ ነው፤ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅምም በመስታወት ውስጥ አለ። እዚያ አንዲት ባልቴት ከአንድ ፎቶ ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። መቃብር ላላገኘ ቤተሰብ ያ ክፍል ቅንጦት አይደለም።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ሙዚየም ያየኋት ድንቅነሽ እውነተኛዋ ናት?

አይደለችም፤ ለእይታ የቀረበችው ቅጂዋ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ዋናው አፅም ለብቻው ተቆልፎ ይጠበቃል። ተታለልኩ ብለው አይዘኑ። አጥንቱ በተነካካ ቁጥር ይጎዳል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ገና አልጨረሱትም።

ጥያቄ፦ መንግሥት ሕንፃ እየሠራ አይደለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ድጋፍ ይደረግ?

እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ሕንፃ የሚቆመው በካፒታል በጀት ነው፤ ሙዚየም ውሎ የሚያድረው በመደበኛ በጀት ነው። የእርጥበት መለኪያ፣ የመዝጋቢና የጥገና ባለሙያ ደመወዝ፣ የነቀዝ መከላከያ፦ እነዚህ አይመረቁም፣ ሪባን አይቆረጥላቸውም፣ ስለዚህ ይረሳሉ። ከሠራሁባቸው ቤቶች በአንዱ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ብራናዎቹን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እናሸሻለን። ለጥገና ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍን፤ እስኪፈቀድ ሁለት ብራና ሻገተብን። አንዱን በእጄ የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ።

የእንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ዐውደ ርእይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በነፃ የሚታየው መንግሥት በየዓመቱ የሥራ ማስኬጃ ስለሚሰጣቸው ነው። ብዙ ሙዚየሞችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካው ተቋም ስሚዝሶኒያንም ከገንዘቡ 60 በመቶ ያህሉን ከፌዴራል መንግሥት ያገኛል። የእነሱን ያህል ይመደብልን አልልም። ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ የማይቋረጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ ግለሰብ ሙዚየም መክፈት ይችላል?

ይችላል። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሐረርን ቅርስ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጣጌጥ መሰብሰብ የጀመሩት በገዛ ቤታቸው ነው። በኋላ የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ሰጣቸው። ሰውየው ለፉ፣ መንግሥት ጣሪያ ሰጠ፤ እኔ የምወደው ድጋፍ እንዲህ ያለው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በግል መያዝ አይከለክልም፤ ማስመዝገብ ግን ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ብሪቲሽ ሙዚየም ታቦቶቻችንን ለምን አይመልስም?

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ 11 ታቦታት እዚያ አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፣ አይጠኑም። ሙዚየሙ የሚጠቅሰው ከስብስቡ አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚያግደውን የ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። ያው ሕግ ግን በስብስቡ ሊቆይ የማይገባውን ዕቃ መልቀቅን ይፈቅዳል። ማንም የማያየው ታቦት በዚህ ካልተለቀቀ ምን ሊለቀቅ ነው? ኤድንብራ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን እጇ ላይ የተገኘውን ታቦት በ2002 እ.ኤ.አ. መልሳለች።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ። አያቴ የተዉልኝ የብራና ዳዊት አለኝ፤ ምን ላድርገው?

በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፣ ከማሞቂያ ያርቁት፣ ማኅደር ካለው በማኅደሩ ይኑር። እጅዎን ታጥበውና አድርቀው እያንዳንዱን ገጽ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ። በኅዳጉ ወይም በመጨረሻው ቅጠል የተጻፈ ስም፣ የልደት ቀን ወይም የመሬት ውል ካለ ደግመው ያንሱት። አያትዎ የየት አገር ሰው እንደነበሩ፣ በየትኛው ደብር እንደጸለዩበት የሚያውቁ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ ደውለው ይጠይቁና በወረቀት ጽፈው አብረው ያኑሩት። ያ ወረቀት የሌለው ብራና ስንቱን ጊዜ ተቀብዬ፣ «መገኛ» በሚለው መስመር ላይ ባዶ ትቼ አልፌአለሁ።