ሳሪው የት ገባ? ስለ ህንድ ሴቶች ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ በህንድ ፊልም ነው ያደግኩት። ድሮ ሴቶቹ በሙሉ ሳሪ ለብሰው ግንባራቸው ላይ ቀይ ነጥብ ነበራቸው። አሁን ጂንስ በጂንስ ሆነዋል። ባህላቸውን ጣሉት ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አልጣሉትም፣ እየመረጡ ነው! ሳሪ እኮ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። እሱን ተጠምጥመሽ በሥራ መግቢያ ሰዓት የዴልሂ ሜትሮ ባቡር ላይ ስትጋፊ አስቢው። ስለዚህ የከተማዋ ወጣት ለሥራ ኩርቲ የሚሉትን ረዘም ያለ ሸሚዝ በጂንስ ታደርግና ሳሪውን ለሠርግና ለበዓል ታቆየዋለች። ደስ የሚለው ደግሞ አለባበሱን ከዩቲዩብ ተምራ የእናቷን የድሮ ሳሪ በስኒከር የምትለብሰዋ ናት። ገጠር ከሄድሽ ግን በሳሪ እርሻ የሚውሉ፣ በሳሪ ጡብ የሚሸከሙ ሴቶች ሞልተዋል። ደግሞ ያ «ጥንታዊ» የምንለው፣ ከላይ በልክ የተሰፋ ሸሚዝ ከሥር ጉርድ ያለው አለባበስ በምሥራቅ በኩል ባለው ቤንጋል የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያስለመደችውም የታዋቂው ባለቅኔ የታጎር ቤተሰብ ምራት ግያናዳናንዲኒ ዴቪ ነች። ያኔ እሱም አዲስ ፋሽን ነበር።

ቀይዋን በተመለከተ፣ ሁለት ነገሮች ናቸው። የግንባሯ ነጥብ ቢንዲ ትባላለች፤ ዛሬ ያላገባችም ለጌጥ ትለጥፋታለች። ጸጉር የሚከፈልበት መስመር ላይ የሚደረገው ቀይ ዱቄት ግን ሲንዱር ነው፣ ያገባች የሂንዱ ሴት ምልክት። ባል የሞተባት አታደርገውም። አሁን በየቀኑ የማያደርጉት ባለትዳሮች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሚስቶች ለባላቸው ዕድሜ ይጾማሉ የሚባለው አሁንም አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። ካርቫ ቻውት ይባላል፣ የሰሜን ህንድ ሂንዱዎች ነው። ከንጋት እስከ ጨረቃ መውጫ ውኃ እንኳን የለም። ምሽት 2 ሰዓት አካባቢ ጨረቃዋን በወንፊት ታያለች፣ ቀጥላ የባሏን ፊት፣ ከዚያ እሱ ውኃ ያጠጣታል። ቢሮ ውላ የምትጾም አለች፣ «አልጾምም» ያለች አለች፣ አብሯት የሚጾም ባልም አለ። ባህሉ ራሱ ግን ከባልየው ጾም አይጠይቅም፤ እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ወንዱ ነው። ህንድ ውስጥ የሴቷ ቤተሰብ ይከፍላል ሲባል ሰማሁ። ሴቶቹ ከተማሩ በኋላም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ጥያቄ አመጣኸው። በሕግ ከ1961 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) መስጠትም መቀበልም ክልክል ነው። ግን ማንም «ጥሎሽ» ብሎ አይጠራውም፣ «ስጦታ» ነው የሚባለው፤ ወርቅ፣ መኪና፣ የቤት ዕቃ። ትምህርት ያጠፋዋል ተብሎ ነበር። እንዲያውም ሙሽራው ሐኪም ወይም ኢንጂነር ሲሆን የሚጠበቀው ስጦታ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ከጥሎሽ ጋር በተያያዘ የሚሞቱ ሴቶች በመንግሥት መዝገብ ብቻ በዓመት ከ6,000 በላይ ናቸው።

ለምን አልጠፋም? አንዱ ምክንያት ውርስ ነው። ለረጅም ጊዜ ሴት ልጅ ድርሻዋን በሠርጓ ቀን ወስዳለች ይባል ነበር፣ መሬቱና ቤቱ ለወንዶቹ ይቀራል። የ1956ቱ የሂንዱ ውርስ ሕግ ለሴት ልጅ ከአባቷ የግል ንብረት ድርሻ ቢሰጣትም፣ በትውልድ የሚወርደውን የቤተሰብ የጋራ ንብረት ግን ከወንድሟ እኩል አላደረጋትም። ያ የተስተካከለው በ2005 ነው። ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በሰሜን ምሥራቋ ግዛት በሜጋላያ፣ ካሲ በሚባሉት ሕዝቦች ዘንድ የቤተሰቡን ቤት የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት።

እና ከ2005 በኋላ ሁሉም ድርሻዋን ጠየቀች? አልጠየቀችም። ብዙዋ ለወንድሞቿ ትፈርምላቸዋለች። ሞኝ ሆና አይደለም። ነገ ከባሏ ጋር ብትጣላ ተመልሳ የምትገባበት ቤት የወንድሟ ቤት ነው፣ በመሬት ከተካሰሱ ደግሞ ያ በር ይዘጋባታል። ጂንስ ለብሳ፣ የራሷን ደመወዝ እያገኘችም ይህን ሒሳብ የምትሠራ ብዙ አለች።