ኦፕራሲዮኑን ለእናቴ እንዴት ልንገራት?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

34 ዓመቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከስድስት ዓመት ልጄና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ስኳር ከያዘኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሏል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ጎረቤት ብቅ ካለ ቦርሳዬን ከፍቼ ቁልፍ የምፈልግ እመስላለሁ።

ያልሞከርኩት የለም። በጂም 9 ኪሎ ቀንሼ 12 ጨመርኩ። ጎረቤቴ ካመጣችልኝ "የሚያከሳ ሻይ" ያተረፍኩት ተቅማጥ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከቃሊቲ ሚኒባስ ስገባ ወያላው ሰው ሁሉ እየሰማ "እናት፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍዪው" አለኝ። ከፈልኩ። ምን እላለሁ? የዚያን ቀን ማታ ቆረጥኩ። ሐኪሙ ለውፍረት ጨጓራን የሚያሳንሰውን፣ ስሊቭ የሚባለውን ኦፕራሲዮን መክሮኝ ነበር። ወጪውን ውጭ ያለው ወንድሜ ሊችል ተስማማ። ቀጠሮዬ ጥቅምት 20 ነው።

ባለቤቴ ያውቃል። እንደውም "ቶሎ ትድኚና ሁለተኛ እንወልዳለን" እያለ ነው። እናቴ ግን አታውቅም። አንዴ በወሬ መሃል ነካ ባደርግላት "ጤነኛ ሆድ ማን ያስቀድዳል? ጥጋብ ነው!" ብላ ዘጋችኝ። በልጅነቷ ርሃብ አይታለች፤ የእኔ ወፈር ማለት ለእሷ ኩራቷ ነው። በጾም ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ሆስፒታል የምተኛበትን ሦስት ቀን "ለሥራ ሐዋሳ ሄድኩ" ልላት አስቤያለሁ። ያዋጣል? ከዚያ በኋላስ ከእሷ ትሪና ጉርሻ እንዴት አመልጣለሁ? ጾሙስ?

የሁለት ሰው ሒሳብ ከፋይዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ሐዋሳውን ተዪው። ሦስቱ ቀን ይደበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ወር ሙሉ በሲኒ መረቅ ስትጠጪ እናትሽ ምን ሊሉ ነው? ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኳን ኦፕራሲዮን፣ የቀይ ሽንኩርት ቁሌትም አይደበቅም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የአክስቴ ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስታደርግ አስታማሚዋ ነበርኩ። ያኔ የገባኝ፣ ሐኪሙ የሚቆርጠው ጨጓራሽን ነው፤ ማዕዱ እንዳለ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ከጥቅምት 20 በፊት ቤትሽን አዘጋጂ።

"ጥጋብ ነው" ለሚለው መልስ ያዢ። ክብደትሽ ለቁመትሽ ሲሰላ፣ ቢኤምአይ የሚሉት ማለት ነው፣ 46 ይመጣል። ሐኪሞች ይህን ኦፕራሲዮን ከ35 ጀምሮ ይመክራሉ፤ ስኳር ላለበት ሰው ከ30 ጀምሮም ይታሰባል። አንቺ ስኳርም ጉልበትም አለብሽ። ቁንጅና ፍለጋ አይደለም። በስሊቭ ከጨጓራሽ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ነው። ርሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ የመብላት ፍላጎትም ይቀንሳል። አንዴ ከወጣ ደግሞ መመለስ የለም። ይህንንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ከዚያ "እማዬ፣ እንደ አራስ እረሺኝ" በያቸው። ርሃብ ያየ ሰው አትብሉ ሲባል ይከፋዋል፤ አብላ ሲባል ግን ሥራ ያገኛል። መረቁን የሚያጠሉት፣ አጥሚቱን የሚያቀጥኑት፣ ሰዓቱን የሚቆጥሩት እሳቸው ይሁኑ። ገንፎና ቅቤ የሌለበት አራስ ቤት ነው፤ እሱን ይለምዱታል። ሌላም ሥራ አለላቸው። እናንተ ሰፈር ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ደረጃ ይወጣል አይደል? ለአንድ ወር ተኩል ያህል ከባድ ነገር አታነሺም። ደረጃውን ግን በቀስታ ትወጪዋለሽ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ መንቀሳቀስ የግድ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ ስኳር፣ እንጀራ፣ ዳቦና ቅባት የቀነሰ ምግብ ያዙልሻል። ጉበትሽ እንዲያንስ ነው። ጉበት ጨጓራ ላይ ተኝቶ ስለሚገኝ ስብ ከሞላው ሐኪሙን መንገድ ይዘጋበታል። የአክስቴ ልጅ በዚያ ሁለት ሳምንት ክትፎን ተሰናበተች፣ ዶሮን ተሰናበተች፣ ጥብስንም እንዳይከፋው ተሰናበተች። ሐኪሟ ቀጠሮውን ገፋባት። እኔም አብሬ ስሰናበት ነበር፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።

በኋላ መጀመሪያ ፈሳሽ ነው፣ ከዚያ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ። እንደኛ ያለ ምግብ የሚመጣው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሰሃንሽ የሲኒ ማስቀመጫ፣ ማንኪያሽ የልጅ ማንኪያ ይሁን። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀሽ በትንሽ በትንሹ ትጎነጫለሽ። ለስላሳ መጠጥ ይቅርብሽ። እንጀራ ለዚያ ጨጓራ ስለሚከብድ ወደ መጨረሻ ግድም ነው የሚሞከር።

ጉርሻው ቀላል እንዳይመስልሽ። የአክስቴ ልጅ በሦስተኛ ወሯ አንድ ዝክር ላይ ትልቋ አክስታችን "በሞቴ" ብለው ያችን የቡጢ ያህል ጉርሻ ይዘው መጡ። እምቢ ማለት አፈረች። ጎረሰች። ፊቷ ወዲያው አመድ መሰለ፣ ደረቷን በእጇ ይዛ ወጣች። ጓሮ ቧንቧው ሥር ጀርባዋን እያሸሁላት ያለ የሌለውን መለሰችው። ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀን። ገና በር ላይ "ሐኪም ከልክሏታል" የምለው እኔ ነበርኩ። ለአንቺ ይህን የሚሉት እናትሽ ይሁኑ። እናት የከለከለችውን ጉርሻ የሚያጎርስ ደፋር አላየሁም።

ጾሙ እንግዲህ። ጥቅምት 20 ብትገቢ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ገና 25ኛ ቀንሽ ነው። በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ አስር እንቁላል ደግሞ ያ ሆድ አይችልም። ለዚህ ነው የፕሮቲን ዱቄት የሚያዝዙት። ሽሮና ምስር ጥሩ ናቸው፣ ግን በሁለት ማንኪያ ሽሮ የትም አትደርሺም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። የንስሐ አባታችሁን ከአሁኑ ከእናትሽ ጋር ሆናችሁ አነጋግሯቸው። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ እናትሽ "አታለልሻቸው" ይላሉ። ውሎ አድሮ ስትጠነክሪ እንዴት እንደምትጾሚ ከሐኪምሽም ጋር ትመክሪያለሽ።

ለባለቤትሽ ደግሞ "ቀስ" በይው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና አይመከርም። ኪሎ ሲቀንስ ደግሞ መፀነስ ይቀላል፣ ስለዚህ ስለ መከላከያው ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው፦ መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። አይረንና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው። ወንድምሽ የኦፕራሲዮኑን ሲከፍል የዚህንም የወር ወጪ ከአሁኑ ተነጋገሩበት፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። የስኳር መድኃኒትሽ ወዲያው ሊቀነስ ስለሚችል ሐኪሙን ሳትጠይቂ በድሮው መጠን አትቀጥዪ። ለጉልበትሽ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ለዚያ ጨጓራ አይሆኑም።

ከወጣሽ በኋላ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የባሰ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ማለት ከመጣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት የሚያወጣሽን መኪና ስልክ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ።

በሦስትና በስድስት ወር መካከል ፀጉርሽ ሊረግፍ ይችላል፤ ይመለሳል። ሹሩባውን ግን አታጥብቂው። ሰፈሩ ደግሞ "ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?" ማለቱ አይቀርም። ሌላ በሽታ ጠርጥሮ በሹክሹክታ የሚያወራም አይጠፋም። ለሁሉም ማስረዳት የለብሽም። "ስኳሬን እየታከምኩ ነው" በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

ለእናትሽ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ንገሪያቸው። በአቦሉ አይሆንም፣ ይጣላሉ። በረካው እስኪደርስ ጠብቂ። ደግሞ ስትድኚ ጻፊልኝ፤ ወያላው ስንት እንዳስከፈለሽም ጨምሪበት።