ባቡሩ እዚህ የሚቀበረው፣ እዚያ የሚሰቀለው ለምንድን ነው?

የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት በሜልበርን የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ በአንድ ደረጃ የሚገናኙባቸውን ማቋረጫዎች ማስወገድ ከጀመረበት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕቅዱ ከ50 ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 85 አድጎ አሁን እስከ 2030 ድረስ 110 ደርሷል። በዚህ እትም ከአንባቢዎች የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ እኛ ሴንት አልባንስ ሐዲዱ ከመንገዱ በታች ወርዶልናል። ዘመዶቼ ያሉበት ክሌይተን ግን ባቡሩ በድልድይ ከጣሪያ በላይ ነው የሚያልፈው። ለእነሱ ርካሹ ደርሷቸው ነው?

መልስ፦ ወጪ የራሱ ድርሻ አለው፤ ንድፉን ቀድሞ የሚያስረው ግን ተዳፋቱ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ብዙ ስለማይቆነጥጥ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከ2 በመቶ ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ማለት ነው። ሐዲዱ ከመንገድ በታች እንዲያልፍ ደግሞ ለባቡሩ ቁመት፣ ከላዩ ለተዘረጋው የ1,500 ቮልት ሽቦና መንገዱን ለሚሸከመው ድልድይ ውፍረት 8 ሜትር ገደማ መቆፈር አለበት። እንግዲህ ያስሉት፤ ለመውረድ 400፣ ለመውጣት 400 ሜትር። መካከሉ ላይ ጣቢያ ካለ ለጥ ያለ 160 ሜትር ያህል መሳፈሪያ ይጨመራል። ተዳፋቱ ሲጀምርና ሲያልቅ ቀስ ብሎ መታጠፍ ስላለበት ለዚያም ቦታ ያስፈልጋል። በጠቅላላው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ማቋረጫዎቹ ተቀራርበው ከተደረደሩ አንዱን ነጥሎ መቅበር አይቻልም ማለት ነው።

በኮልፊልድና በዳንደኖንግ መካከል የነበሩት 9 ማቋረጫዎች በ2018 ሲነሡ የተመረጠው ድልድይ ነበር። ክሌይተንን ጨምሮ 5 ጣቢያዎች ከፍ ብለው እንደ አዲስ ተሠርተዋል። ትልቁ ጥቅም፣ ባቡሩ በአሮጌው ሐዲድ እየሠራ ድልድዩን አጠገቡ ማቆም መቻሉ ነው። ቁፋሮ ሲሆን ግን ግድግዳ የሚሆኑት የኮንክሪት ምሰሶዎች አስቀድመው በሌሊት ፈረቃ ቢተከሉም አፈሩን ለማውጣት መስመሩ ለሳምንታት መዘጋቱ አይቀርም፤ ተሳፋሪውም በምትክ አውቶቡስ ይጉላላል።

ሌላው ውሃ ነው። በፍራንክስተን መስመር ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ጥቂት ሲቆፈር ውሃ ይገኛል። ፓምፕ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የቁፋሮው ግድግዳ ራሱ እንደ ግድብ ሆኖ ወደ ባሕሩ የሚሄደውን የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያግድ በአንድ በኩል ይጠራቀማል፣ በሌላው በኩል ይጎድላል። በዚሁ መስመር ኤዲትቬልና ቦንቢች ላይ ሐዲዱ እንዲቀበር ሲወሰን የተሟላ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት የተጠየቀው በአቅራቢያው ባለው ረግረግና በዚህ ውሃ ምክንያት ነው። ካረም ላይ የፓተርሰን ወንዝ ደጃፉ ላይ ስላለ ሐዲዱ በድልድይ አለፈ።

ሴንት አልባንስ ላይ የነበረው ችግር ከውሃ ይልቅ ድንጋይ ነው። ምዕራብ ሜልበርን የተቀመጠው አዲስ አበባ ላይ ለግንብ በምንጠርበው ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። መስበሩ ጊዜና ድምፅ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከሥራው ቦታ አንድ መንገድ ተሻግሮ ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ማን ይጠየቃል? እንግሊዝኛዬም ብዙ አይደለም።

መልስ፦ ዋናው ነገር ማስረጃው ከሥራው በፊት መያዙ ነው። ለቅርብ ቤቶች ሥራው ሳይጀመር የቤት ሁኔታ ምርመራ ይደረጋል። ደብዳቤው ሲመጣ አይጣሉት፤ ይፍቀዱ፣ የሪፖርቱንም ቅጂ ጠይቀው ያስቀምጡ። ካልመጣልዎት ራስዎ ይጻፉ። ከዚያ ውጪ የየክፍሉን ጥግ፣ የበርና የመስኮት ማዕዘኖችን፣ የውጪውን ግንብ ቀኑ በሚታይበት ፎቶ ያንሡ። አሁን ያለውን ስንጥቅ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ያንሡት፤ ስፋቱ በሚሊሜትር ካልታወቀ በኋላ "ሰፍቷል" ማለት ዋጋ የለውም።

ይህን አጥብቀን የምንለው በምክንያት ነው። የምዕራብ ሜልበርንን ጥቁር ድንጋይ የሸፈነው አፈር ከእኛው መረሬ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይሸሻል። ቁፋሮ በሌለበት ሰፈርም ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብም ተቋራጩ የሚያነሣው የመጀመሪያ መከራከሪያ ይኸው ነው። ያለ ቀድሞው ፎቶ መልስ አይኖርዎትም። ለቋንቋው ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ 131 450 ደውለው "Amharic" (አምሃሪክ) ይበሉ፤ አስተርጓሚው ከፕሮጀክቱ ቢሮ ጋር ያገናኝዎታል።

ጥያቄ፦ ገና ባልተነሣ ማቋረጫ ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ቆሞብኝ መዝጊያው ቢወርድብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ከማዶ ለመኪናዎ የሚበቃ ክፍት ቦታ ሳያዩ ሐዲዱ ላይ አይግቡ፤ የማዶው የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ይሁን፣ ከኋላም ጡሩንባ ይነፋ። ገብተው ከተያዙና ከፊትዎ ክፍት ከሆነ መዝጊያውን ገጭተው ይውጡ፤ ዘንጉ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነው። መኪናው እንቢ ካለ ሰውን ሁሉ አስወርደው ከሐዲዱ ይራቁ፤ ሲሮጡም ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሰያፍ ይሂዱ፤ የሚገጨው መኪና ስብርባሪ የሚበተነው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ከዚያ ማቋረጫው ላይ በተለጠፈው የአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውሉ፤ ምልክቱ ላይ የተጻፈውን የማቋረጫ መለያም ያንብቡላቸው። ለዕቃ አይመለሱ።