ተኩላውና ግልገሉ መድረክ ላይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሐል ሜዳ የማስተምር መምህርት ነኝ። የድራማ ክበባችን ለወላጆች በዓል የኤዞፕን ተረት ሊያቀርብ አስቧል። «ተኩላውና ግልገሉ»ን ብንሞክረው ወዲያው አለቀብን። ልጆቹ ጭምብል ይሠራልን ይላሉ። ባልደረቦቼ ደግሞ «የግሪክ ተረት ለመንዝ ምኑ ነው?» እያሉ ያሾፋሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሚያሾፉት ልጀምር። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። መነሻው የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው፤ እሱም ብዙውን የወሰደው ከኤዞፕ ነው። ደራሲው የተወለዱት ደግሞ እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። የተናገሩት አውሬዎች ናቸው ቢባልም አላዳነውም!

ወደ ሥራው እንግባ። ተረቱ አጭር ነው ብለሽ አዲስ ታሪክ አትጨምሪበት። ተኩላው «ውሃዬን አደፈረስክ» ይላል። ግልገሉ «እኔ ከታች ነኝ፣ ውሃው የሚወርደው ከአንተ ወደ እኔ» ይላል። «አምና አባቴን ሰድበሃል።» «አምና መች ተወለድኩና!» ይኼ እኮ ሙግት ነው። በበላ ልበልሃ አቁሙት። ተኩላው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ እየተንጎራደደ ይክሰስ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ሆነው መፍረድ ይጀምራሉ። ጊዜውም በዚያው ይሞላል። ለግልገሉ ምላሰ ስል ልጅ ምረጪ።

ተኩላውን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ከእግሩ ሥር ሁለት ልጆች ነጠላ እንደ ወንዝ ዘርግተው እያወዛወዙ ወደ ግልገሉ ያውርዱት። ተመልካቹ ማን ላይ፣ ማን ታች እንደቆመ በዓይኑ ካላየ የግልገሉ መልስ ውሃ አያነሳም። ነጠላ ያዦቹን ለመደበቅ አትድከሙ። የጥንቱ ግሪክ ኮሜዲ ጸሐፊ አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ421 ባቀረበው ተውኔት አንዱን ሰውዬ፣ ልክ በኤዞፕ ተረት እንዳለችው፣ በፋንድያ ጥንዚዛ ወደ አማልክቱ አብርሮታል። ያነሳው ማንሻ መሣሪያ ነበር። ተዋናዩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ማንሻውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው «ኧረ ተጠንቀቅ!» ይለዋል።

ጭምብሉ ይቅር። ግሪኮቹ ያደርጉ ነበር፤ የእናንተ ልጆች ድምፅ ግን ታፍኖ ይቀራል። ለግልገሉ የበግ ፀጉር ባና ይበቃዋል። ተኩላውን ደግሞ ቀይ ቀበሮ እንዳታደርጉት። የመንዝ ጓሳው ቀበሮ ኑሮው በአይጥ ነው፣ ስሙን አታጥፉበት።

መጨረሻ ላይ ወጥቶ ምክር የሚያነብ ልጅ አትመድቢ። ተኩላው «መልስህ ቢያምርም ምሳዬን አልተውም» ብሎ ግልገሉን ከነባናው ይሸከመውና በተመልካቹ መሃል አልፎ ይውጣ። ወላጆቹ ይጩሁበት።