ከፊልም ቃል ስትወስዱ ተናጋሪውንም እዩት

ሐዋሳ ውስጥ የሆቴል ሪሴፕሽን ላይ መሥራት የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቁልፍ ተቀባይና ሰጪ ነበርኩ፣ ዛሬ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ሁሉንም የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እንግሊዝኛ ከየት ተማራችሁ? አብዛኞቹ «ከፊልም» ይላሉ። አንዳንዶቹ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ሰርተፊኬት ስለሌለው ይመስለኛል። ዝቅ አታድርጉት። እኔም የተማርኩት ከፊልም ነው።

በእኛ ጊዜ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ። በር ላይ ሳንቲማችንን ከፍለን እንገባለን። ካሴቱ ብዙ ስለታየ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰብታይትል የሚባል ነገር የለም። ሰዉ የሚጮኸው ለድብድቡ ነው፣ እኔ ደግሞ ድብድቡ አልቆ ሰዎቹ ማውራት እስኪጀምሩ እጠብቃለሁ። በኋላ ዲሽ ሲገባ ኤምቢሲ ቱ መጣልን። ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊልም፣ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ። ዐረብኛ ስለማላነብ ያለኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር፣ እሱም ሳይወድ በግዱ ሠራ።

ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ፊልም እንደሚሰጥ አምናለሁ። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ አስረድቶ ፈተና ያለፈ ልጅ ግን «ሻይ ልድገምልዎት?» ለማለት ይጨነቃል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ሻይ የሚደግም ሰው የለም። ፊልም ውስጥ አለ። ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ቁልፉ ይጠፋበታል፣ ስልክ ያነሳል፣ ሐኪም ይጠብቃል። የሚያስፈልጋችሁ ቃልም እንደምትፈሩት ብዙ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች የ318 ፊልሞችን ንግግር ቆጥረው ነበር። 3,000 ያህል የቃል ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው፣ የሰውና የቦታ ስሞች ሲጨመሩለት፣ በፊልም ውስጥ ከሚነገረው 95 በመቶ ያህሉን ቃል ያውቀዋል ብለዋል። «ሄደ»፣ «ይሄዳል»፣ «መሄድ» እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ከእነዚህ ብዙዎቹን በጽሑፍ ያውቃቸዋል። ሲነገሩ ነው የሚያመልጡት።

የሚያመልጡበት ምክንያት ቀላል ነው። እኛ «ምን ታደርጋለህ» ብለን እንጽፋለን፣ አፋችን ግን «ምን ታረጋለህ» ይላል። እነሱም እንዲሁ ናቸው። «ጎዪንግ ቱ» ብለው ይጽፉና «ጎና» ይላሉ። «ዋንት ቱ» «ዋና» ይሆናል። አሜሪካኖቹ «ዋተር»ን ወደ «ዋደር» የሚቀርብ ድምፅ ይሰጡታል። ይህንን ለመልመድ ከፊልም የተሻለ መምህር አላውቅም። ብቻ «ጎና»ን በሥራ ማመልከቻ ላይ አትጻፉት፣ እኛም «ታረጋለህ» ብለን ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንጽፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ልጅ ነው።

ጎበዝ ልጅ ነው። ፒያሳ ሄዶ ፊልም በፍላሽ ያስጭናል፣ ሌሊት ሌሊት ያያል፣ አነጋገሩ ከእኔ ይልቅ የአሜሪካኖቹን ይመስላል። አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ መጡ። ሻንጣቸው በአውሮፕላን ጉዞ ጠፍቶባቸዋል፣ መድኃኒታቸውም እዚያው ውስጥ ነበር። ደክሟቸዋል። ይህንን ሁሉ ለልጁ ነገሩት። ልጁ ከልቡ አዘነ፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ «ዳት ሳክስ፣ ማን!» አላቸው፣ «ሲያስጠላ፣ ወዳጄ!» እንደማለት ነው።

ሴትዮዋ ትንሽ አዩት። ቁልፉን ተቀብለው ዝም ብለው ወጡ።

ልጁ ግራ ገብቶት «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። እሱ የፈለገው «አይዞዎት» ማለት ነበር። ይህ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ እንዳለ ተጠቅልሎ አይገኝም። ሲፈልግ በጆሮው ውስጥ የቀረለትን አነሳ። የሰማበትን ፊልም ጠየቅኩት። ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፣ እኩዮች፣ ቢራ ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ከሥራ ተባሯል፣ ሌላኛው ነው ያንን ያለው። እዚያ ቦታ ላይ ቃሉ ልክ ነው፣ ውስጡ ወዳጅነት አለ። ልጁ ቃሉን ይዞ መጣ፣ ወዳጅነቱን፣ እኩያነቱንና በረንዳውን ግን እዚያው ትቷቸው መጣ።

እስቲ በእኛ አስቡት። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ከአማርኛ ፊልም ተማረ እንበል። ቤታችሁ ጋበዛችሁት። ገብቶ አያታችሁን «ጀለስ፣ ሙዱ እንዴት ነው?» አላቸው። ቃሉ ትክክል ነው፣ ሰዋስውም አልተሳሳተም። አያታችሁ እንግዳ ነው ብለው ይስቁ ይሆናል፣ ነገር ግን ያንን ሰው ለሽምግልና አትልኩትም። እናንተም ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጣችሁ «የስ፣ ዱድ» ስትሉ የሚሰማው ይኸው ነው።

እኛ አክብሮትን ግሡ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። «ትፈልጋለህ» እና «ይፈልጋሉ» መካከል ያለውን ርቀት የማያውቅ ሕፃን የለም። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የለውም፣ ሁሉም «ዩ» ነው። ስለዚህ ብዙ ልጆች እንግሊዝኛ አክብሮት የለውም ብለው ይደመድማሉ። አለው፣ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ሜይ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ውስጥ ነው። «ምን ይፈልጋሉ?» የሚለውን ጨዋ ጥያቄ ቃል በቃል ወስዳችሁ «ዋት ዱ ዩ ዋንት?» ስትሉ እርስዎነቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ፊልም ላይ ይህንን አረፍተ ነገር ማን እንደሚናገረው ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጎ ማየት የማይፈልገውን ሰው የሚያናግር ሰው ነው። የሆቴል ሠራተኛ በታየ ቁጥር ደግሞ አድምጡት፣ «ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» ነው የሚለው። ሁለቱም ፊልሙ ውስጥ አሉ። መምረጥ የእናንተ ነው።

ሌላው፣ ቃሉ ያው ሆኖ ድምፁ ትርጉሙን ሲለውጠው ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ አሜሪካዊ ጀበናውን አንስቼ ሁለተኛ ስኒ ልቀዳለት ስል «አይም ጉድ» አለኝ። ጥሩ ነኝ አለ ብዬ ቀዳሁለት። እሱ ያለው «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ነበር። ሰውየው መዳፉን ስኒው ላይ ሊያደርግ ጀምሮ ነበር፣ እጁን ባየው ኖሮ ይገባኝ ነበር። ጓደኛዋ ልታገባ መሆኑን የሰማች ልጅ «ሻት አፕ!» ብላ ስትጮህ ዝም በይ ማለቷ አይደለም። እኛም «ውሸትሽን ነው!» ስንል ጓደኛችንን ውሸታም ማለታችን አይደለም። ዓይኗን እዩ፣ ቅንድቧን እዩ። መዝገበ ቃላት ቅንድብ የለውም፣ ፊልም ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

አራድኛ ደግሞ ያረጃል። ትናንት ሁሉም ሰው ይለው የነበረ ቃል ዛሬ ሲነገር ተናጋሪውን ሼባ ያስመስለዋል፣ ይህንን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። በድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ውስጥ ጥሩ ነገር ሁሉ «ስዌል» ነው፣ ዛሬ እንዲያ የሚል ወጣት የለም። «ኩል» ግን ከጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች አፍ ተነስቶ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ቢሆንም የድሮ ፊልሞችን አትናቋቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ1934 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የፊልም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያወጡት ደንብ ይሠራ ነበር፣ ስድብና ብልግናን ይከለክላል። በዚያ ዘመን ፊልም ሰዎቹ ሲከራከሩ እንኳ አረፍተ ነገራቸውን ይጨርሳሉ። ጨዋ አነጋገር ለመልቀም ጥሩ ማሳ ነው። ዛሬ «አር» የሚል ምልክት ያለበትን ፊልም ስታዩ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ የማያየው መሆኑን እወቁ። እዩት፣ አትዩት አልልም። ከዚያ የሰማችሁትን ቃል ሎቢ ውስጥ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ሁለቴ አስቡ።

አንዱን ቃል ለይቼ እናገራለሁ። በ«ን» የሚጀምረው፣ ለጥቁሮች የሚባለው ቃል። ፊልም ላይ፣ ዘፈን ላይ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እርስ በርስ ሲጠራሩበት ትሰማላችሁ። ቃሉ የባሪያ ፈንጋዮች ስድብ ነበር፣ በባርነትና በግድያ ዘመን ሁሉ ሲወረወር የኖረ። ከጥቁር አሜሪካውያኑ አንዳንዶቹ ነጥቀው የራሳቸው አድርገውታል፣ ሌሎቹ ደግሞ እስከ ዛሬ ሲሰሙት ያማቸዋል። ሻሸመኔ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የሚመጡ ጥቁር እንግዶች በዚህ ከተማ ያልፋሉ። ብዙዎቹ ወደ አባቶቻቸው ምድር መጣን ብለው ነው የሚመጡት። አንድ የባጃጅ ልጅ ሰላምታ መስሎት በዚያ ቃል ሲጠራቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። እባካችሁ ይህንን ቃል ተዉት። እኛም ጥቁር ነን የሚለው መልስ አይሠራም፣ ቁስሉ የእነሱ ነው።

እንግሊዝኛ ደግሞ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊ «ፓንትስ» ብሎ ለላውንደሪ ሲሰጣችሁ ሱሪ ነው፣ እንግሊዛዊ ሲላችሁ የውስጥ ሱሪ ነው። «ፈርስት ፍሎር» ለእንግሊዛዊ አንድ ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ነው፣ ለአሜሪካዊ መሬት ላይ ያለው። በዚህ ምክንያት ሻንጣ ተሸክመው የተላለፉ ሰዎች አሉ። የእኛ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሕንድና የስሪላንካ እንግሊዝኛ በየቀኑ ይሰማል። ሕንዳዊ አለቃችሁ ስብሰባው «ፕሪፖን» ተደርጓል ካላችሁ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሟል ማለቱ ነው። አትሳቁ፣ እነሱ ዘንድ የታወቀ ቃል ነው። ጃማይካዊ ደግሞ «ዋ ጓን» ካለ እንዴት ነህ ብሏችኋል። ስለዚህ ከአንድ አገር ፊልም ብቻ አትጠጡ።

እንዴት እንደምታዩ ልንገራችሁ፣ እኔ ልጆቹን የማሠራቸውን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊልም ማየት መዝናናት ነው፣ እሱን ለብቻው ተዝናኑበት። ለትምህርት ግን 3 ደቂቃ ይበቃል። መኪና የሚባረርበትን ሳይሆን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበትን ምረጡ፣ የቤተሰብ፣ የሆስፒታል፣ የመሥሪያ ቤት ታሪክ። መጀመሪያ ያለ ሰብታይትል አዳምጡ። ካልገባችሁ ድገሙ፣ ስልካችሁ ላይ ፍጥነቱን ቀንሱት። ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ክፈቱ፣ የአማርኛውን አይደለም፣ አማርኛው ካለ ዓይናችሁ እዚያ ይሄድና ጆሯችሁ ይተኛል። ከዚያ አቁማችሁ እንደ ሰውየው ጮክ ብላችሁ በሉት። እኔ ልጆቹን ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዣቸው ሄጄ ነው የማለማምዳቸው፣ እዚያ ሁሉም ሰው ስለሚያወራ ማንም አያያችሁም።

ደብተር ያዙ። በደብተሩ ላይ ቃሉንና ትርጉሙን ብቻ አትጻፉ። ማን አለው? ለማን? ተጣልተው ነው ወይስ ተዋደው? ሰሚው ምን አደረገ፣ ሳቀ፣ ወጣ፣ አለቀሰ? ይህንን ካልጻፋችሁ ቃሉ እጃችሁ ላይ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይሆናል፣ የት እንደሚቀመጥ አታውቁትም።

ያ ልጅ አሁን ደብተር አለው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ሺፍት ላይ አብረን ሳለን አሳየኝ። አንዲት ነርስ የምትናገርበትን ትዕይንት ሰባት ጊዜ እንዳየው ነገረኝ። ገጹ ላይ እንዲህ ጽፏል፦ «‹አይም ሶ ሶሪ ቱ ሂር ዛት።› ነርሷ፣ ለታማሚዋ ባል። ቀስ ብላ። ስሙን አልጠራችም። ከዚያ ወንበር ሳበችለት፣ እስኪናገር ዝም አለች።»