እንግዳ በሌለበት ወር ሂጂና እዪው

በሆቴል አስተዳደር ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። በእረፍትሽ አሥር ቀን ባሕር ዳርቻ ሰንብተሽ ስትመለሺ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። «ሥራ ፈልጌ እዚያው ብኖርስ?» ነው ጥያቄሽ።

ብትኖሪ ደስ ይለኛል። ግን በአሥሩ ቀን ያየሽው እንግድነትን ነው። ባሕሩን ያየሽው ቁርስ ቀርቦልሽ ነው። ተቀጥረሽ ስትሄጂ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ ቁርሱን የምታሰናጂው አንቺ ነሽ። ባሕሩን በመስኮት ታዪዋለሽ፣ ጊዜ ካገኘሽ።

መጀመሪያ የምትጠይቂው የደመወዙን መጠን ሳይሆን ውሉ ስንት ወር እንደሆነ ይሁን። በብዙ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ወቅቱ ሲያልፍ ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ ሠራተኛም ይቀነሳል። ለስድስት ወር የሚያጓጓ ደመወዝ ለዓመት ሲካፈል ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ቤት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ለእንግዳ በአዳር ሲከራይ በወር ለሚከራይ ሠራተኛ የሚተርፍ የለም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሴንት አይቭስ የምትባል ውብ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ የሚሠራ ቤት ቋሚ መኖሪያው ለሚያደርገው ሰው ብቻ እንዲሆን ድምፅ ሰጡ። ከ80 በመቶ በላይ ደገፉት። ሰው እዚህ ድረስ የሚሄደው ሲጨንቀው ነው። ስለዚህ ቀጣሪው መኖሪያ የሚሰጥ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጪ።

የሥራ ዓይነቱንም አስቢበት። ሪሴፕሽን ሁሉም የሚሻማበት ነው። እኔ ብሆን ጥገናን የሚመራ ክፍል ውስጥ እገባ ነበር። የባሕር አየር ጨው አለው፤ ብረት ያዝጋል፣ ማቀዝቀዣ ይበላል፣ የበር ማጠፊያ ሳይቀር ያበላሻል። ሆቴሉ ቢዘጋም ዝገቱ እረፍት አይወጣም። ጀልባ ላይ ማስጎብኘት ካማረሽ ደግሞ ሰዓትሽን ባሕሩ ነው የሚያወጣልሽ። በአብዛኛው ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ማለዳ የነበረው ሥራሽ በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል።

አሁን ከመፈረምሽ በፊት እንግዳ በሌለበት ወር ሁለት ሳምንት ሂጂ። በንፋሱ፣ በዝናቡ ጊዜ። የትኛው ሱቅ ክፍት እንደቀረ እዪ፣ እዚያ ያሉትን ምን ሠርተው እንደሚኖሩ ጠይቂ። ስትመለሺ ጻፊልኝ፤ ሲቪሽን ያኔ አብረን እናየዋለን።